ከነዳጅ ማደያ ሥር፤ ቤንዚን የገባበትን አፈርና የከርሠ ምድር ውኃ ስለ ማጥራት

በአሜሪካ አገር በካሊፎርንያ ክፍለ ግዛት በውቅያኖስ ዳር የምትገኘው የሳንታ ሞኒካ ከተማ የመጠጥ ውኃዋን ግማሽ ያህል ታገኝ የነበረው ቻርኖክ በሚባል ሥፍራ ከተቆፈሩ አምስት ጉድጓዶች ነበር። በ1995 ዓ.ም. የጉድጓዶቹ ውኃ ሲመረመር ቤንዚን ላይ የሚጨመር አንድ ኬሚካል ተገኘበት። መጠኑ እየጨመረ ስለ ሄደ በ1996 ዓ.ም. አምስቱም ጉድጓዶች ተዘጉ። ይህ ኬሚካል የውኃን ቀለም አይለውጥም፤ ሽታውና ጣዕሙ ግን የቀለም ማቅጠኛ ይመስላል፤ እጅግ ጥቂቱም በምላስ ይታወቃል። ከተማይቱም ከገዛ መሬቷ ትቀዳው የነበረውን ውኃ ትታ ከሩቅ የሚመጣ ውኃ በገንዘብ ወደ መግዛት ተመለሰች። መርማሪዎች በጉድጓዶቹ ዙሪያ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ድረስ ያለውን ቦታ ሲፈትሹ ሊጠረጠሩ የሚገባቸው 30 ያህል ሥፍራዎች አገኙ። ከእነዚህ ውስጥ ሁለቱ የነዳጅ ቧንቧ መስመሮች ሲሆኑ የቀሩት ከመሬት በታች የነዳጅ ታንከር የተቀበረባቸው ቦታዎች ነበሩ፤ ይኸውም አብዛኛውን ሰው በየቀኑ ሳያስተውለው የሚያልፈው የመንገድ ዳር ማደያ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከማደያ ሥር የፈሰሰ ነዳጅ በምን መንገድ እስከ ሰው መጠጥ ድረስ እንደሚደርስ፣ ከደረሰም በኋላ በምን ዘዴ እንደሚወገድ ለጓደኞቼ ለተማሪዎች ማስረዳት ነው። መምህራን የሚያውቁትን ነገር ስደግም ቢያገኙኝ ይታገሡኝ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት ስለ አንድ ቃል መስማማት ያስፈልጋል። እኛ ‹ቤንዚን› የምንለው መኪና የሚነዳበትን ነዳጅ ነው። ይህ ነዳጅ ከመቶ የሚበልጡ ውሑዶች የተደባለቁበት ፈሳሽ ሲሆን፣ ኬሚስቶች ከእነዚሁ ውሑዶች አንዱን፣ ስድስት ካርቦንና ስድስት ሃይድሮጅን ያለውን፣ በዚያው በሚመስል ስም ይጠሩታል። ሁለቱ እንዳይምታቱ ነዳጁን ቤንዚን፣ ውሑዱን በቀድሞው ስሙ ቤንዞል እያልሁ እጽፋለሁ።

አወጣጡ

የነዳጅ ታንከር ከመሬት በታች የሚቀበረው እሳት ስለሚፈራ ነው። ምክንያቱ ትክክል ነው፤ ነገር ግን የተቀበረ ነገር ሲበላሽ የሚያየው የለም። ብረት በእርጥብ አፈር ውስጥ ይዝጋል፤ ቦቴ ነዳጅ ሲያራግፍ ከአፉ ሞልቶ ይፈሳል፤ ከታንከሩ ወደ መቅጃው የሚሄደውም ቧንቧ በመገጣጠሚያው ላይ ይላላል።

እንዲህ ያለ ፍሳሽ ለምን ቶሎ አይታወቅም? ለዚህ ትንሽ ሒሳብ ይበቃል። በየሰከንዱ አንድ ጠብታ ይወርዳል፣ ሃያውም ጠብታ አንድ ሚሊሊትር ይሞላል እንበል። በቀን 4.3 ሊትር፣ በዓመት ከ1,500 ሊትር በላይ ይሆናል። ባለ ማደያው የታንከሩን ይዞታ በየማለዳው በመለኪያ ዘንግ ቢለካም እንኳ ይህን ጉድለት ለይቶ ማየት ይቸግረዋል። ቤንዚን ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀንስ ከሺው አንድ እጅ ያህል ስለሚኰማተር፣ 10,000 ሊትር የያዘ ታንከር በአንድ ዲግሪ ልዩነት ብቻ 10 ሊትር ያህል የጐደለ ይመስላል። የሁለት ቀን ፍሳሽ በዚህ ውስጥ ተሸሽጎ ያድራል። ሆኖም የሙቀት ልዩነት አንድ ቀን ሲያጐድል ሌላ ቀን ይመልሳል፤ ፍሳሽ ግን ሁልጊዜ ያጐድላል እንጂ አይመልስም። ስለዚህ የአንድ ቀን መዝገብ ምንም ባይናገር የሦስት ወር መዝገብ በትክክል ከተደመረ ይናገራል። መሣሪያ ሳይገዛ ሊደረግ የሚችል ጥበቃ ይህ ነው፤ እንደ እኔ አሳብ ከሁሉም የሚቀድመውም ይኸው ነው።

በአሜሪካ ስለ ተቀበሩ ታንከሮች በ1984 ሕግ ወጣ፤ በ1988 ዝርዝር ደንብ ተከተለው፤ ባለ ማደያዎችም አሮጌ ታንከሮቻቸውን እስከ 1998 መጨረሻ ድረስ እንዲያሻሽሉ፣ ካልቻሉም እንዲዘጉ ታዘዙ። ምርመራው ከተጀመረ ወዲህ በዚያ አገር ተረጋግጦ የተመዘገበው ፍሳሽ ከ500,000 በላይ ነው።

አራቱ ማደሪያዎች

ከቧንቧ ያመለጠ ቤንዚን በአንድ ቦታ ተከማችቶ አይጠብቅም። አራት ማደሪያዎች አሉት፤ እያንዳንዱም ማደሪያ የራሱን መድኀኒት ይፈልጋል። የማጥራት ሥራ ብዙ ጊዜ ከንቱ ሆኖ የሚቀረው ለአንዱ ማደሪያ የሚስማማው መሣሪያ ለሌላው ሲታዘዝ ነው።

የመጀመሪያው ማደሪያ ደረቁ አፈር ነው። ቤንዚን በስበት ኀይል ቁልቁል ሲወርድ በእያንዳንዱ የአፈር ቅንጣት ላይ ጥቂት ጥቂት እየተወ ይሄዳል። ይህ የቀረው ነዳጅ በራሱ አይወርድም፤ በውኃም ታጥቦ በቀላሉ አያልቅም። በሚሲዮን ትምህርት ቤት አዳሪ ሳለሁ የነጭ ጋዝ ጣሳ እየታጠበ የውኃ መቅጃ ይሆን ነበር። ጣሳው በሳሙናና በአመድ ሦስት ጊዜ ቢፈተግም ውኃው በአራተኛውም በአምስተኛውም ቀን ጋዝ ጋዝ ይላል። በጣሳው ግድግዳ ላይ የቀረው ጋዝ በዓይን አይታይም፤ ነገር ግን አዲስ ውኃ በተቀዳ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ይለቅለታል። ጣሳው ለስላሳ ቆርቆሮ ሆኖ ሳለ እንዲህ ከሆነ፣ ሚሊዮን ስንጥቅና ቀዳዳ ያለው አፈር እንዴት እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም።

ፍሳሹ ብዙ ከሆነ ነዳጁ ወርዶ ወርዶ የከርሠ ምድር ውኃ ገጽ ላይ ይደርሳል፤ ሁለተኛው ማደሪያ ይህ ነው። የአንድ ሊትር ቤንዚን ክብደት 750 ግራም ያህል ስለ ሆነ ወደ ውኃው አይሰጥምም፤ በላዩ ተንሳፎ ይዘረጋል። የውኃው ገጽ በዝናብ ወራት ከፍ፣ በደረቅ ወራት ዝቅ ሲል ተንሳፋፊው ነዳጅ አብሮት ይወጣል፤ አብሮት ይወርዳል። በዚህ ምክንያት አንድ ስስ ሽፋን የነበረው ነገር ከጊዜ በኋላ በአንድ ወይም በሁለት ሜትር ውፍረት አፈር ላይ ይለቀለቃል።

ሦስተኛው ማደሪያ ውኃው ራሱ ነው። ከነዳጁ አብዛኛው ክፍል በውኃ አይሟሟም፤ ቤንዞል፣ ቶሉዊን፣ ኢቲል ቤንዞልና ዛይሊን የሚባሉት አራቱ ግን ይሟሟሉ፤ ከውኃውም ጋር ይጓዛሉ። የተበከለው ውኃ ከማደያው ተነሥቶ ወደ ፍሰቱ አቅጣጫ እየረዘመ ስለሚሄድ ‹ጅራት› ብለው ተገቢ ስም ነው። የቤንዞል ክፋት በጥቂቱ መጉዳቱ ነው፤ የደም ካንሰር እንደሚያመጣ ተረጋግጧል፤ በአሜሪካ ሕግ በመጠጥ ውኃ ውስጥ የሚፈቀደው በሊትር 5 ማይክሮግራም ብቻ ነው። ከቤንዚኑ ክብደት ከመቶው አንድ እጅ ቤንዞል ነው ብንል፣ በአንድ ሊትር ቤንዚን ውስጥ 7.5 ግራም አለ ማለት ነው። ይህም 1,500,000 ሊትር ውኃ ከተፈቀደው ወሰን ላይ ያደርሳል። ከላይ በየሰከንዱ የቈጠርነውን ጠብታ አንባቢ እዚህ ላይ ያስታውስ።

አራተኛው ማደሪያ አየር ነው። ቤንዚን በአፈር ውስጥ ባለው አየር ይተንና ወደ ምድር ቤት፣ ወደ ፍሳሽ ማስወገጃ ቦይና ወደ ስልክ መስመር ጉድጓድ ይገባል። በ1992 በሜክሲኮ በጓዳላሃራ ከተማ ከቧንቧ ያመለጠ ቤንዚን በከተማው ቦይ ውስጥ ተከማችቶ ፈነዳና መንገዶችን ሰንጥቆ ከ200 በላይ ሰዎች ገደለ። ስለዚህ ስለ ውኃ ከማሰብ በፊት ስለ እሳት ማሰብ ግዴታ ነው።

የማጥራቱ ሥራ

ፍሳሹ እንደ ታወቀ ታንከሩ ይራገፋል፤ በአካባቢው ባሉ ምድር ቤቶችና ቦዮች ውስጥ ያለው ትነት ይለካል፤ አየርም እንዲገባባቸው ይደረጋል። ቀጥሎ የመመልከቻ ጉድጓዶች ይቆፈራሉ። ቁጥራቸው ከሦስት ማነስ የለበትም፤ አንድ ገጽ ለመወሰን ሦስት ነጥቦች እንደሚያስፈልጉ በጂኦሜትሪ የተማርነው እዚህ ላይ ይጠቅማል። በሦስቱ ጉድጓዶች ያለው የውኃ ገጽ ከፍታ ከተለካ ውኃው ወዴት እንደሚፈስ ይታወቃል፤ ወዴት እንደሚፈስ ካልታወቀ ግን ሌላው ሥራ ሁሉ በጨለማ መደናበር ነው።

ከውኃው በላይ የተንሳፈፈው ነዳጅ በፓምፕ ይቀዳል። ይህ ቀላሉ ነው፤ ሆኖም በአፈሩ ቀዳዳዎች የተያዘውን ስለማያወጣው ከፈሰሰው ውስጥ ብዙው እዚያው ይቀራል። የተበከለውን አፈር ቆፍሮ መጫንም አለ። አሮጌ ታንከር ሲወጣ ጉድጓዱ እንደ ተከፈተ ዙሪያውን ማንሣት ጥሩ ነው። ነገር ግን ብክለቱ ከአምስት ወይም ከስድስት ሜትር በላይ ከጠለቀ፣ ወይም ከጎረቤት ቤት ሥር ከገባ ቁፋሮው አይቻልም፤ የወጣውም አፈር ሳይታከም ሌላ ቦታ ከተደፋ ችግሩ ሰፈር ለወጠ እንጂ አልጠፋም።

በ1980ዎቹ ትልቅ ተስፋ የተጣለበት ዘዴ ውኃውን በፓምፕ አውጥቶ፣ አጥርቶ መመለስ ነበር። ውኃው በረጅም ማማ ላይ እየተንጠባጠበ አየር ይነፋበታል፤ ወይም በተሰናዳ ከሰል ውስጥ ያልፋል፤ በሁለቱም መንገድ ቤንዞሉ ይለያል። ጅራቱ እንዳይራዘም ለመግታት ይህ ዘዴ ያገለግላል። ምንጩን ለማጥፋት ግን ደካማ ነው፤ ምክንያቱም ያው የጣሳው ነገር ነው። ንጹሕ ውኃ በገባ ቁጥር በአፈሩ ላይ የቀረው ነዳጅ እንደ ገና ይሟሟበታል። ፓምፑ ሲሠራ መጠኑ ይወርዳል፤ ሥራው ተፈጽሟል ተብሎ ፓምፑ ሲቆም እንደ ገና ይወጣል። እንዲህ እያለ ዓመታት ያልፋሉ።

ለቤንዚን ከውኃ ይልቅ አየር የተሻለ አጣቢ መሆኑ የታወቀው ከዚህ በኋላ ነው። ከውኃው ገጽ በላይ ባለው አፈር ውስጥ ጐኑ የተበሳሳ ቱቦ ይተከልና አየሩ በመምጠጫ መኪና ይሳባል። በአፈሩ ላይ የቀረው ቤንዚን እየተነነ አብሮ ይወጣል፤ ትነቱም ወይ ይቃጠላል ወይ በከሰል ይያዛል። ከውኃው በታች ያለውን ደግሞ ከሥር አየር በመንፋት ወደ ላይ እንዲወጣ ማድረግ ይቻላል። ዘዴው በአሸዋ ላይ በጣም ይሠራል፤ በዋልካ አፈር ላይ አይሠራም፤ አየሩ የሚያልፍበት መንገድ የለምና። ለናፍጣም እምብዛም አይጠቅምም፤ ናፍጣ እንደ ቤንዚን አይተንምና።

አየር የሚነፋው ለማትነን ብቻ አይደለም። በአፈር ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ቤንዞልንና መሰሎቹን እንደ ምግብ ይበላሉ፤ የሚቀረውም ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውኃ ነው። ይህን ችሎታ ለማጥራት ሥራ ቀድመው ካዋሉት አንዱ የሰን ኦይል ተመራማሪ የነበረው ሪቻርድ ሬይመንድ ነው። በ1972 በፔንሲልቫንያ በአምብለር አጠገብ ከቧንቧ በፈሰሰ ቤንዚን ላይ በሠራው ሥራ፣ በፓምፕ ሊቀዳ የሚችለው ከተቀዳ በኋላ ለባክቴሪያዎቹ ናይትሮጅን፣ ፎስፎርና አየር እንዲሰጣቸው አደረገ። ገበሬ ለማሳው እንደሚያደርገው ያለ ሥራ ነው። ከውጭ ያመጣው ዘር አልነበረም፤ ዘሩ በአፈሩ ውስጥ ነበረ።

የሚያጥራቸው ኦክሲጅን ነው። አንድ ኪሎ ግራም ቤንዚን ፈጽሞ እንዲበላ 3.5 ኪሎ ግራም ያህል ኦክሲጅን ይፈልጋል። አሁን በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ እንዳለን አድርገን እንቍጠር። እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል ግፊት ሦስት አራተኛ ያህል ስለ ሆነ፣ በ20 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሊትር ውኃ ሊይዝ የሚችለው ኦክሲጅን 7 ሚሊግራም ገደማ ነው። ስለዚህ ለአንድ ኪሎ ቤንዚን የሚበቃ ኦክሲጅን በውኃ እናድርስ ብንል 500 ሜትር ኩብ ውኃ ያስፈልገናል። በአየር ብናደርሰው ግን አንድ ሜትር ኩብ አየር 210 ግራም ያህል ኦክሲጅን ስላለው 17 ሜትር ኩብ ይበቃል። ባለሙያዎች ውኃ ማመላለስን ትተው አየር ወደ መንፋት የተመለሱበትን ምክንያት ከዚህ ሒሳብ የተሻለ የሚገልጽ ነገር አላገኘሁም።

ባክቴሪያዎቹ ሰው ባይረዳቸውም ይበላሉ፤ ይዘገያሉ እንጂ አያቆሙም። ኦክሲጅን ሲያልቅ ናይትሬትን፣ ብረትንና ሰልፌትን በምትኩ ይጠቀማሉ። በ1995 በካሊፎርንያ የሎረንስ ሊቨርሞር ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች በክፍለ ግዛቱ ብዙ የፈሰሰባቸውን ቦታዎች መዝገብ መርምረው፣ የቤንዞል ጅራት ብዙውን ጊዜ ከ80 ሜትር ገደማ እንደማያልፍና በዚያው ቆሞ እንደሚቀር አስታወቁ። ምንጩ ከተወገደ፣ በቅርብ የመጠጥ ጉድጓድ ከሌለም፣ ብዙውን ቦታ ለአፈሩ ትቶ መጠበቅ ይበቃል የሚል አሳብ ከዚህ ወጣ። አሳቡ ገንዘብ ያድናል፤ ሳይንሱም ትክክል ነበር፤ ስለ ቤንዞል እስከ ሆነ ድረስ።

ያልተበላው

ይህ መግለጫ በወጣበት በዚያው ዓመት ነው የሳንታ ሞኒካ ጉድጓዶች መበከል የታወቀው። የተገኘው ግን ቤንዞል አልነበረም፤ በአጭሩ ኤም ቲ ቢ ኢ የሚባል ኤተር ነው። አሜሪካኖች ከ1979 ጀምሮ በእርሳስ ፈንታ ቤንዚን ላይ ይጨምሩት ነበር። በ1990 የወጣው የአየር ንጽሕና ሕግ በብዙ ከተሞች ቤንዚን ኦክሲጅን ያለበት ውሑድ እንዲጨመርበት ባዘዘ ጊዜ መጠኑ ከመቶው ከ10 እጅ በላይ ደረሰ። የአየሩን ጭስ ለመቀነስ የታሰበው ነገር በውኃ በኩል መጣ።

የኬሚካሉ ጠባይ በሦስት ነገር ከቤንዞል ይለያል። ቤንዞል በአንድ ሊትር ውኃ 1.8 ግራም ያህል ሲሟሟ ይህኛው ከ40 ግራም በላይ ይሟሟል። በአፈር ቅንጣት ላይ ስለማይጣበቅ ከውኃው እኩል ይሄዳል። ባክቴሪያዎችም የኤተሩን ማሰሪያ ለመፍታት ይቸገራሉ። በማማ ላይ አየር ቢነፋበት እንደ ቤንዞል ቶሎ አይለቅም፤ ከሰልም ብዙ አይዝለትም።

ይህን ልዩነት በአንድ ቦታ ላይ አጉልቶ ያሳየው ከሳንታ ሞኒካ በሰሜን ምዕራብ በኩል በዚያው ባሕር ዳር የሚገኘው የፖርት ዋይኒሚ የባሕር ኀይል ሠፈር ነው። በሠፈሩ ውስጥ ባለ አንድ ማደያ በ1984 መጨረሻና በ1985 መጀመሪያ ከቧንቧ 40,000 ሊትር ያህል ቤንዚን አመለጠ። መሬቱ አሸዋ ነው፤ ውኃውም ቅርብ ነው። ከዓመታት በኋላ ሲለካ ቤንዞልና ጓደኞቹ ከማደያው 300 ሜትር ገደማ ላይ ቀርተዋል፤ ኤም ቲ ቢ ኢ ግን 1,500 ሜትር ያህል ተጕዟል። ማደያው አንድ፣ ፍሳሹ አንድ፣ አፈሩ አንድ ነው፤ ጅራቱ ግን ሁለት ሆነ።

እዚያ የተደረገው መፍትሔ ለእኔ ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ነው። ጅራቱን በሙሉ ከማሳደድ ይልቅ በ2000 ዓ.ም. በመንገዱ ላይ አቋርጠው 150 ሜትር ወርድ ያለው ሕይወት ያለው አጥር አቆሙ። አጥሩ ግንብ አይደለም፤ ኦክሲጅንና አየር በየጊዜው የሚነፋባቸው የቱቦዎች ረድፍ ነው። በመካከለኛው ክፍል ኤም ቲ ቢ ኢን መብላት እንዲችሉ በላቦራቶሪ የለመዱ ባክቴሪያዎች ተጨመሩበት። ውኃው በራሱ ፍሰት በአጥሩ ውስጥ ሲያልፍ ኬሚካሉ እየተበላ እጅግ አነስተኛ ሆኖ ይወጣል። ደግሞም ኦክሲጅን ብቻ በተሰጠበት ክፍል የቦታው ባክቴሪያዎች ቆይተው በራሳቸው መብላት ጀመሩ። እንግዲህ ያልተበላው ፈጽሞ የማይበላ ሆኖ አይደለም፤ ኦክሲጅን ስላላገኘና ጊዜ ስላልተሰጠው ነው።

ሳንታ ሞኒካ ግን ይህን ልትጠብቅ አትችልም ነበር፤ ሕዝቡ ይጠጣል። ከተማይቱ ከትልልቅ የነዳጅ ኩባንያዎች ጋር ተካስሳ በ2003 ስምምነት ላይ ተደረሰ፤ ካሊፎርንያም ኬሚካሉን ከ2004 መጀመሪያ አንሥቶ ከለከለች። የቻርኖክ ውኃ በከሰል ማጣሪያ እያለፈ እንደ ገና መጠጣት የተጀመረው በ2011 ነው። ጉድጓዶቹ ከተዘጉ አሥራ አምስት ዓመት ያህል ሆኖ ነበር።

ነገሩ በእኛ አገር መሬት ላይ

የፖርት ዋይኒሚ መሬት አሸዋማ ነው፤ የአዲስ አበባ መሬት ግን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። በአሸዋ ውስጥ ውኃ በሁሉም በኩል እኩል ይሰርጋል፤ በጥቁር ድንጋይ ውስጥ ግን በስንጥቅ ይሄዳል። ስንጥቁ ወዴት እንደሚያመራ ከላይ አይታይም፤ የመመልከቻ ጉድጓድ ከስንጥቁ አንድ ሜትር ርቆ ቢቆፈር ምንም ሳያገኝ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ሦስት ጉድጓድ ይበቃል ያልሁት ለአሸዋ እንጂ ለእንጦጦ ግርጌ አይደለም። በብዙ ቦታ ከላይ ያለው ዋልካ በክረምት አብጦ ይዘጋል፤ ያን ጊዜ ጥሩ ክዳን ነው፤ በበጋ ግን ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል።

የከተማው ከርሠ ምድር ውኃ በጠቅላላው ከሰሜን ወደ ደቡብ ወደ አቃቂ ያዘነብላል። የአዲስ አበባ ሕዝብ የሚጠጣው ከለገዳዲ፣ ከገፈርሳና ከድሬ ግድቦች ብቻ ሳይሆን ከአቃቂ ጉድጓዶችም ነው። ድሬዳዋ ደግሞ የምትጠጣው ከርሠ ምድር ውኃ ነው። በእነዚህ ሁለት ከተሞች አንድ ማደያ የት ይሠራ የሚለው ጥያቄ ለመኪና ከሚያመቸው ቦታ በፊት ከውኃው አንጻር መታየት አለበት ብዬ አምናለሁ።

ስለሚጨመረው ነገርም ከራሳችን ታሪክ የሚነካን አለ። በአዲስ አበባ በ2008 ከስኳር ፋብሪካ የሚገኝ ኢታኖል ከመቶው 5 እጅ ቤንዚን ላይ መቀላቀል ተጀምሮ፣ በ2011 ወደ 10 እጅ ከፍ ብሎ ነበር። ኢታኖል ለባክቴሪያ ጣፋጭ ምግብ ስለ ሆነ እንደ ኤም ቲ ቢ ኢ ሩቅ አይጓዝም። ጉዳቱ በሌላ በኩል ነው፤ ባክቴሪያዎቹ አስቀድመው እርሱን ሲበሉ በውኃው ውስጥ ያለውን ጥቂት ኦክሲጅን ይጨርሱታል፤ ቤንዞሉም ሳይበላ ይቀርና ጅራቱ ይረዝማል። ስለዚህ ፍሳሽ ሲመረመር በዚያ ዓመት በታንከሩ ውስጥ የነበረው ቤንዚን ምን የተቀላቀለበት ነበር ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ መልሱም ከአፈሩ ይልቅ በማደያው መዝገብ ውስጥ ይገኛል።

በዚህ ረገድ ብዙ ገንዘብ ሳይወጣ በተማሪ እጅ ሊሠራ የሚችል ጥናት አለ። በሊትር 5 ማይክሮግራም ቤንዞል ለመለካት ውድ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ የባክቴሪያዎቹን ዱካ ለመከተል ግን አያስፈልግም። ነዳጅ በሚበላበት ውኃ ውስጥ ኦክሲጅን ወደ ባዶ ይወርዳል፤ የሟሟ ብረት ይጨምራል፤ ሰልፌት ይቀንሳል። እነዚህን በእጅ በሚያዝ መለኪያና በተራ የኬሚስትሪ ላቦራቶሪ መለካት ይቻላል። በከተማችን ግን የሽንት ቤት ፍሳሽም ኦክሲጅንን እንዲሁ ይጨርሳል፤ ሁለቱን የሚለያቸው ክሎራይድ ነው። የሽንት ቤት ፍሳሽ ክሎራይድን ከፍ ያደርጋል፤ ቤንዚን አያደርግም። እንግዲህ በአንድ ማደያ ዙሪያ ያሉ ጉድጓዶች በበጋና በክረምት ተለክተው፣ ክሎራይዱ ከጎረቤቶቹ ሳይበልጥ ኦክሲጅኑ የጠፋበትና ብረቱ ከፍ ያለበት ጉድጓድ ቢገኝ፣ ለውዱ ምርመራ የሚላከው የመጀመሪያው ጠርሙስ ከዚያ ጉድጓድ መቀዳት አለበት።